ሃያ ሜትር ከወንዙ ዳር

“ገመዱን ላላ አድርጊው እንጂ፣ እትዬ። ልትለኪበት ነው ወይስ እኔን ልትሰቅይበት?” አላት ታናሽ ወንድሟ፣ ሽንኩርት ማሳው መሐል ቆሞ።

ከኋላ የነበሩት የተፋሰስ ኮሚቴ አባላት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ገመዱን ወጠረችው።

ገመዱ ሃያ ሜትር ነው። የሚለካው ወንዙ ዛሬ ካለበት ዳር እንጂ አምና ከነበረበት አይደለም። ወንዙ በየክረምቱ ከማሳው እየገመጠ ስለሚሄድ፣ ዝናቡ ሳይገባ በየዓመቱ አዲስ ልኬት አለ። ገመዱ ሲያልቅ ከሚተከለው ችካል እስከ ወንዙ ያለው መሬት አይታረስም፣ አይኮተኮትም፤ የበቀለበት ተነቅሎ በዚያው ዕለት ሣርና ዛፍ ይተከልበታል። ከላይ የመጣ ደለል የመንደሩን የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ከደፈነው በኋላ ሁሉም የፈረመበት ደንብ ነው። ገመዱን ለእሷ የሰጧት ደግሞ ሰው ሲናገር ማዳመጥ እንጂ መመለስ ስለማትወድ ነው፤ ከማይመልስ ሰው ጋር መከራከር ያደክማል።

ዘንድሮ ገመዱ ከወንድሟ ማሳ አራት መደብ ወሰደ። ሽንኩርቱ ሊደርስ የቀረው ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር። ወንድሟ ከጠዋት ጀምሮ ያላነሳው ነገር አልነበረም። የሞተች እናታቸውን ጠራ። ሚስቱ መውለጃዋ እንደተቃረበ፣ የቤቱ ተስፋ ሁሉ እዚህ ማሳ ላይ እንደሆነ ተናገረ። ኮሚቴው አንገቱን ደፍቶ ሰማው። በመጨረሻ ችካሉን ከእጇ ቀማና ራሱ በድንጋይ መታው።

“እንኪ። ደስ ይበልሽ።”

ከሳሽ ሳይኖራቸው ስለሚከራከሩ ‘ጠበቃው’ የሚባሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “አምና በቆሎዬን ገና እሸት ሳለ አስነቀለችኝ። ዛሬ የእናቷንም ልጅ እንዳልማረች በዓይኔ አየሁ። እንግዲህ አፌን ዘጋሁ” አሉ። አፋቸውን መዝጋታቸው ለኮሚቴው ትልቅ ዜና ነበር። ሰዎቹ እፎይ ብለው፣ ለመንቀሉና ለተከላው አካፋና ዶማቸውን ለማምጣት ወደ መንገዱ ወጡ።

እሷ ገመዱን ለመጠቅለል ወንዙ ዳር ጎንበስ አለች። ያኔ ነው ያየችው። ከዳሩ ሁለት ሜትር ገባ ብሎ፣ በአረም ሥር፣ መሬቱ ተሰንጥቋል። ጣቷን ከተተች፤ ገባ። እጇ እስከ አንጓዋ ገባና ቀዝቃዛ እርጥበት እንጂ ወለል አላገኘም። ከስንጥቁ ወዲያ ያለው መሬት ከማሳው ተለይቷል፤ የያዘው የአረሙ ሥር ነው። አንድ ደኅና ዝናብ ይበቃዋል።

መሬት ከተሰነጠቀ ዳሩ ስንጥቁ ነው። በጠበቃው ማሳ ላይ አምና የለካችው እንዲሁ ነበር። ሽማግሌው ሲጮኹባት፣ ወንዙ የእርስዎን ጩኸት አይሰማም ብላ ከልማዷ ውጭ መልሳላቸዋለች። ዛሬም ከስንጥቁ ከተለካ ችካሉ ተነቅሎ ተጨማሪ ሁለት መደብ ወደ ውስጥ ይገባል።

ቀና ስትል የወንድሟን ኮቴ ሰማች። እግሯን አንስታ ስንጥቁ ላይ አሳረፈች። አስባበት አይመስልም፤ እግሯ ራሱ የሄደ ነው የሚመስለው።

ወንድሟ ፊቱ ረግቧል። “እትዬ፣ ቅድም የተናገርኩትን እርሺው። ሰው ሲናደድ አፉ አያርፍም። ባለቤቴ ምሳ ሠርታለች፤ ‘እሷ ካልመጣች ድስቱን አልከፍትም’ ብላለች።”

እሷ መንገዱ ላይ ወዳሉት ሰዎች አየች። ፈጣሪዬ፣ ሌላ ሰው ይየው፣ ብላ በልቧ ለመነች። ጠበቃው ጀርባቸውን ሰጥተው ከጫማቸው ጭቃ ይጠርጋሉ። ሌሎቹ ስለ ችግኙ ያወራሉ። ማንም ወደዚህ አላየም። ከእግሯ በታች መሬቱ በጣም ትንሽ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማት ልክ፣ ሸሸ።

“እንሂድ እንጂ” አላት ወንድሟ። “ተቀየምሽኝ እንዴ?”

“እኔ አልተቀየምኩህም” አለች። “አንተ ነህ የምትቀየመኝ።”

እግሯን ከስንጥቁ ላይ አነሳች።