ሐሙስ ሐሙስ የምቆምበት ቦታ

የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ሃያ ሰባት ዓመት መሪ ይዣለሁ፤ ብቻዬን ማውራት የለመድኩትም እዚያው ጋቢና ውስጥ ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር አንዲት ጥቁር ሣጥን አለች። አሥር ደቂቃ ከቆምኩ ስምሪት ክፍሉ ይደውላል፦ «ምን ሆነህ ነው የቆምከው?» ሽንት ቤት እንኳ በሰላም አያስገቡኝም!

ልጄ ከመጣላታችን በፊት የገዛችልኝ ስልክም መንገድ ያሳያል። ካርታው ላይ ያቺ ሰማያዊ ነጥብ እኔ ነኝ። እንግዲህ ስምሪት የሚያየኝ ከሆነ ልጄም ታየኛለች ብዬ ደመደምኩ። ማንንም አልጠየቅኩም።

የተጣላነው እናቷ ከሞተች በኋላ ነው። «ቤቱን ሽጠህ እኔ ጋ ኑር» ብትለኝ ብልጭ አለብኝና «ሁለተኛ ዓይንሽን እንዳላየው!» አልኳት። ምላሴን በቆረጠው! ይቅርታ ማለት ሞት ሆነብኝ። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ዕቃ አራግፌ ስመለስ በእሷ ሰፈር እዞርና ከምትኖርበት ፎቅ ማዶ ዘጠኝ ደቂቃ እቆማለሁ። ነጥቧን አይታ ትወርዳለች ብዬ እኮ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አልወረደችም። እያየችኝ ጨከነች እያልኩ፣ አንጀቴ እያረረ ወደ ባዶ ቤቴ እመለሳለሁ።

ትናንት ቴክኒሻኑ ሣጥኗን ሊቀይር መጣ።

«እስቲ ንገረኝ፣ ይሄ ሳተላይት የሚሉት ስንቱን ሰው ነው የሚሰልለው?» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ እሱ ማንንም አያውቅም። ሰዓቱንና ራሱ ያለበትን ቦታ እየተናገረ ይዞራል፣ በቃ። መሣሪያው ከአራት ሳተላይት ይሰማና መልእክቱ ምን ያህል እንደዘገየ ቆጥሮ ያለበትን ራሱ ያሰላል። ለቢሮ የምታቃጥርብዎት ይቺ ሣጥን ናት፤ ሲም ካርድ አላት።»

«ስልኬስ? ልጄ የት እንዳለሁ አታይበትም?»

ተቀብሎኝ ነካካው። «ካርታውን የሠሩት ሰዎች የሚወስዱት አይጠፋም። ለልጅዎ የሚያሳየው ግን ተዘግቷል። ከተገዛ ጀምሮ አልተከፈተም።»

ደስ አለኝ፤ አልጨከነችብኝም፣ አላወቀችም! ወዲያው ደግሞ ሆዴ ባባ። ለካ ያን ሁሉ ሐሙስ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ደወልኩላት።

«አባዬ?»

«ሐሙስ ሐሙስ ደጃፍሽ ድረስ እመጣ ነበር። ለካ አታውቂም።»

«አውቃለሁ» አለች። «በመስኮት አይሃለሁ። ሞተሩን ሳታጠፋ ስለምትቆም፣ ዛሬም አይወጣም እልና መጋረጃውን እመልሳለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልወረድሽም?»

«እስክትጠራኝ ነዋ! አንዴ እንኳ ብትጠራኝ!»

ይኸው ጠራሁሽ ልላት ፈለግኩ፤ ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ አለቀስኩ። እሷም አልዘጋችውም።