ለኩላሊት የመጣ እዝን

ፀደይን አባቷ «ለእታለም ትንፍሽ እንዳትዪ» ብሎ ካስማላት ሦስት ሳምንት ሞላ። ፀደይ ደግሞ ምስጢር ሲሰጧት ሆዷን የሚቆርጣት ልጅ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ዋጋዬ በዳንግላ ከተማ ጋሪ ተራው ፊት ለፊት ልብስ ሰፊ ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት «እታለም» የሚላት ታላቅ እህቱ ማናየሽ አንድ ኩላሊቷን ሰጥታው ነበር፤ ያ ኩላሊት አሁን ሥራ አቆመ። ይኸው በሳምንት ሁለቴ ባሕር ዳር እየተመላለሰ ደሙን በማሽን ያሳጥባል። ሐኪሙ «ሁለተኛ ንቅለ ተከላ ይሞከራል» ብሎታል። ታናሽ ወንድሙ ይሄነውም «የኔን ውሰድ» ብሎ ለምኖታል። እሱ ግን ወይ ፍንክች!

«የእሷን ገድዬ የሱን ልቀበል? በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ፀደይ ቻለች፣ ቻለች፣ ቅዳሜ ማታ አክስቷ ጋ ደወለችና ሁሉንም ዘረገፈችው።

እሑድ ረፋድ ላይ ማናየሽ ከጥሊሊ በሚኒባስ ከች አለች፤ ነጠላዋን እንደ ለቅሶተኛ አዘቅዝቃ፣ ድስት በጨርቅ አስራ። ፀደይ በር ላይ ስታያት ክው አለች።

«አክስቴ! ማን ሞተ?»

«ኩላሊቴ ነዋ! እዝን ይዤ ነው የመጣሁ። ጨው የለውም፣ አትፍሪ።»

ዋጋዬ ልጁን በዓይኑ ገረፋትና አንገቱን ደፋ። «እታለም፣ መድኃኒቱን አንድ ቀን አላጓደልኩም። እግዜር ያውቃል።»

«ምን አጠፋህ አልኩህ? ሰባት ዓመት ሙሉ ሠርቷል! ይቺን ለፍላፊ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አስጨርሰህበታል። በል፣ አልቅሰንለት ይውጣልን።»

አጠገቡ ቁጭ አለችና እውነትም ለኩላሊቱ ሙሾ ጀመረች፦ «እኔ ዘንድ ጠላ ለምደህ፣ እሱ ዘንድ ኪኒን ያጎረሱህ፣ ወየው የኔ ታታሪ!»

ዋጋዬ ሳቁ አመለጠው። ከሳቁ ኋላ እንባው መጣ፤ ብዙ ነው የመጣው። ማናየሽ ጀርባውን አሸችለት።

ሲበርድለት ነጠላዋን አስተካከለች። «ሰልስቱንም ዛሬውኑ አወጣን። አሁን ብላ፤ እዝን እምቢ አይባልም። ከዚያ ይሄነው ጋ ደውል።»

«የሱም ቢሞትብኝስ?»

«እዝን የማመጣ እኔ አለሁ።»

ሦስት ጊዜ ጎረሰ። ድስቱን ሲያይ፣ እህቱን ሲያይ ቆየና «ፀደይ፣ ስልኩን» አለ።

«ይሄነው? ለምርመራ መቼ ይመችሃል? … አዎ፣ እሺ ብያለሁ። … ኧረ ቀስ በል፣ ገና መገጣጠሙ ይታያል። ደሞ ከዛሬ ጀምሮ አረቄ የሚባል እንዳትነካ! ሰምተሃል?»

«አይ ወንድሜ!» አለች ማናየሽ ለፀደይ። «ገና ሳይሰጠው አዘዘበት።»