አስተዋጽኦ፦ የለም

እትዬ ካውያ ተጨማዶ ማየት የማይወዱት ሁለት ነገር ነው፤ ልብስና ንግግር። «ካውያ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። የዕድሜያቸውን እኩሌታ በአንድ ላውንደሪ ቤት የሰው ሸሚዝ ሲተኩሱ ኖረዋል፤ ሰውንም በቃል መተኮስ ያውቁበታል። ነገር አድበስብሶ የሚያወራ ሰው ፊታቸው ከቆመ፣ አንገትጌውን ይዘው የሚያቃኑት ይመስል ዓይናቸውን አጥብበው ያዩታል።

ታናሽ እህታቸው አስተማሪ ናት፤ ሰዋስው ታስተምራለች። እናታቸው ስትሞት አስተማሪዋ ገና የወተት ጥርሷን ያልነቀለች ሕፃን ነበረች፣ እሳቸው ደግሞ ለትዳር የደረሱ። አዝለው ያሳደጓት፣ ተኩሰው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ለምን አታገቢም ሲባሉ «ይቺን አሳድጌ ልጨርስ» ይሉ ነበር። አሳድገው ሲጨርሱ ጠያቂው ቀረ። አስተማሪዋ እህቷን «እርስዎ» ትላለች፣ እሳቸው «አንቺ» ይሏታል፤ ነገሩ በዚህ ጸንቶ የኖረ ነው።

ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ሥራ ካቆሙ ወዲህ የሚተኩሱት የእሷን ልብስ ብቻ ነው። ጠዋት ስትነሳ ቀሚሷ ወንበር መደገፊያ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሙቀቱ ሳይለቀው ይጠብቃታል። አመስግናቸው አታውቅም። ፀሐይ ወጣች ብሎ ማን ያመሰግናል?

ታዲያ አከራያቸው ቤቱን ሸጡትና «ዝናቡ ሳይገባ ልቀቁልኝ» አሉ። አስተማሪዋ ቤት ብትፈልግ፣ ብትፈልግ፣ ደመወዟ የሚደርስበት ቤት የለም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ መንግሥት በቅናሽ ያከራያል ወደሚባለው የመኖሪያ ቤት ድጋፍና ምክር ጽሕፈት ቤት ሄደች። እትዬ ካውያ «ላም አለኝ በሰማይ!» ብለው ስቀው ሸኟት።

የላሟን ገመድ የያዘችው በጽሕፈት ቤቱ መስኮት ቁጥር አንድ የተቀመጠችው ሴትዮ ነበረች። ቀና ሳትል ጠየቀቻት።

«ነጠላ አመልካች ነሽ?»

«ከታላቅ እህቴ ጋር ነው የምንኖረው።»

«ነጠላ አመልካች ተራው አይደርሰውም፤ እቅጩን ልንገርሽ። ቅድሚያ ጥገኛ ላለው ነው። እህትሽ ገቢ አላቸው?»

«የላቸውም።»

«እንግዲያው ጥገኛ ናቸው። ይኼን ሞልተሽ፣ ገቢ የሌላቸው ለመሆኑ ማስረጃ አያይዘሽ፣ ሁለታችሁም የምክር አገልግሎቱን ወስዳችሁ፣ እሳቸው ፊታችን ሲፈርሙ ይገባል።»

የሌለ ነገር ማስረጃ ከየት ይመጣል? ላውንደሪ ቤቱ ሲጠየቅ «እንኳን ጡረታ እንደሌላቸው፣ እዚህ እንደሠሩም ወረቀት የለንም» አለ። የአካባቢው አስተዳደር አንድ ቀን ማኅተሙ ተቆልፎበት፣ አንድ ቀን ሲስተም የለም ብሎ፣ አንድ ቀን ደግሞ ፎቶው ጆሮ አያሳይም ብሎ መለሳት። በመጨረሻ ተሰጣት። እትዬ ካውያ ምንም እንደሌላቸው በማኅተም ተረጋገጠ።

ቅጹን የሞላችው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። ዝምድና፦ ታላቅ እህት። የአኗኗር ሁኔታ፦ ጥገኛ። ቀጥሎ ደግሞ «ጥገኛው ለቤቱ የሚያደርገው አስተዋጽኦ (በገንዘብም ሆነ በጉልበት)» የሚል መስመር አለ። የመስኮቷ ሴትዮ አስቀድማ አስጠንቅቃታለች፤ የጉልበት ሥራ ከተጻፈ በገንዘብ ይተመንና ደመወዟ ላይ ይደመራል። ደመወዟ ለቅናሹ ከተወሰነው የገቢ ጣሪያ በታች ለጥቂት ነው ያለፈው። ትንሽ ከተጨመረበት ቤቱ ቀረ ማለት ነው።

«የለም» ብላ ጻፈች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ስትጽፈው ደስ የሚል ነገር ሁሉ ተሰምቷታል፤ ሸክም የተሸከመ ሰው ሰው ሲያይለት የሚሰማው ዓይነት ኩራት። የለበሰችው ቀሚስ በዚያ ጠዋት የተተኮሰ መሆኑ ትዝም አላላትም።

ለእትዬ ካውያ ግን «አብረን እንደምንኖር ለማረጋገጥ ነው፣ ይፈርማሉ፣ አለቀ» ነው ያለቻቸው። በቀጠሮው ቀን ጫማቸውን ለማጥለቅ ጎንበስ ሲሉ፣ ጠረጴዛ ላይ የነበረውን የመነጽራቸውን ማኅደር አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አውቶቡስ ውስጥ ኪሳቸውን ሲዳብሱ አየቻቸው።

«መነጽሬን የት አባቴ ጣልኩት?»

«ምንም አይደል እትዬ፣ የሚነበብ ነገር የለም» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

የምክር ክፍሉ ጠባብ ነው። የፕላስቲክ ወንበሮች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የሚስቅ ቤተሰብ ሥዕል። አማካሪው ሹራብ የለበሰ ወጣት ሲሆን ደግነት የተማረ ሰው ነበር፤ ያስታውቅበታል። ስለ ወጪ አያያዝ፣ ስለ ተከራይ መብት፣ ጭንቀትን በጋራ ስለመወጣት መከራቸው። እትዬ ካውያ ደስ ብሏቸው ሰሙት። ስለ ወጪ የተናገረውንም ሁለት ቦታ አረሙት። ከዚያ ወረቀቱን አነሳ።

«አሁን ቃሉን አነብልዎታለሁ፣ ከዚያ ይፈርማሉ።»

«እኔ አስረድቻቸዋለሁ፤ ማንበቡ አያስፈልግም» አለች አስተማሪዋ በጥድፊያ።

«ደንብ ነው፣ መምህር። ለፈራሚ ጮክ ብሎ ይነበባል» አለና ጀመረ። «እኔ ስሜ ከላይ የተገለጸው፣ በታናሽ እህቴ ሥር የምኖር ጥገኛ መሆኔን...»

«ምን መሆኔን?»

«ጥገኛ።»

እትዬ ካውያ ሳቃቸው መጣ። «እኔ የማውቀው ጥገኛ የሆድ ትሉን ነው። ለእሱማ ጤና ጣቢያ ኪኒን ይሰጡ የለ?»

አማካሪው አብሯቸው ሳቀ። እዚያ ላይ ቢተወው ጥሩ ነበር። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል፤ ሊያጽናናቸው ወደ ፊት ዘንበል አለ። «አይ እናቴ፣ እሱ አይደለም። ጥገኛ ማለት ራሱን ያልቻለ፣ ሌላ ሰው የሚሸከመው ማለት ነው። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።»

«ያሳፍራል ያለ አለ?» አሉ እትዬ ካውያ። ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀርቷል፤ ባለቤቱ የረሳው ዕቃ መስሎ።

አስተማሪዋን ላብ አጠመቃት። አማካሪው «የእርስዎን መታወቂያ» ሲላት መገላገያ ያገኘች መስሏት እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ወርውራ ጎተተችው። መታወቂያው የመነጽር ማኅደሩን አስከትሎ ወጣ፤ ማኅደሩ ጠረጴዛው ላይ ቀጭ ብሎ ወደቀ። እጅ ከፍንጅ።

እትዬ ካውያ ማኅደሩን አዩት፤ እሷን ግን አላዩአትም። ከፈቱት፣ መነጽሩን አደረጉ፣ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ካውያ ያቃጠለው ጠባሳ ባለበት ጣታቸው እያስከተሉ፣ ከማኅተሙ ጀምረው አንድ በአንድ አነበቡ። ጣታቸው «አስተዋጽኦ» የሚለው መስመር ላይ ደረሰ። «የለም» ላይ ቆመ። ቆየ። አስተማሪዋ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አለች፤ መሬት ደግሞ እንዲህ ባለ ቀን አትታዘዝም።

ከዚያ ፈረሙ። ፊርማቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ ልማድ ሆኖባቸው፣ የወረቀቱን የተጣጠፈ ጥግ በመዳፋቸው ዳጥ አድርገው አቃኑት። ወደ እህታቸው ዞሩ።

«መነጽሬን ስለያዙልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

ስለያዙልኝ። ስለያዝሽልኝ አይደለም። አማካሪው ምንም አልሰማም፤ ለእሱ ጨዋ አሮጊት አመሰገኑ፣ አለቀ። የሰዋስው አስተማሪዋ ግን ሰማች። ብቻዋን መቆም የማትችለውን እንዲህ ያለች የቃል ቁራጭ ጥገኛ ምዕላድ ይሏታል፤ ለተማሪዎቿ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምትጽፍላቸው እሷ ናት። ያቺ ቁራጭ እንዲህ ልትመታ እንደምትችል መጽሐፉ አልነገራትም።

በማግስቱ ጠዋት ወንበሩ መደገፊያ ላይ ቀሚስ አልነበረም። ቀሚሱ ታጥቦ፣ ተጨማዶ፣ ገመድ ላይ ነበር። እትዬ ካውያ ጥጋቸው ተቀምጠዋል።

«እትዬ... አሞዎት ነው?»

«ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

አስተማሪዋ ጉልበታቸው ሥር ወደቀች። «ይቅር ይበሉኝ። ለቤቱ ብዬ ነው። ወረቀት ነው እኮ!»

«ምን አጠፉና? የጻፉት ተነቧል፣ እኔም ፈርሜያለሁ። ምንም አታደርግም ተብሎ ተፈርሞ ብተኩስ ሁለታችንም ውሸታም ሆንን። እኔ ፊርማዬን አላጨማድድም» አሉ። ቁጣም ሽሙጥም አልነበረበትም። ቢቆጡ ትችለው ነበር።

ራሷ ልትተኩስ ሞክራ አንገትጌውን አሳረረችው። እንደ ተጨማደደች ክፍል ገባች፤ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ተንሾካሾኩ፣ ርዕሰ መምህሩም «ቤት ውስጥ የታመመ አለ እንዴ?» ብለው ጠየቋት። አለ ትበል የለም ትበል ጠፍቷት አንገቷን ደፋች። ቤት ስትመለስ ደግሞ ሌላ ነው። «መብራቱን ባበራው ይፈቅዱልኛል?» ይሏታል። ሲመሽ መስኮት ለመዝጋት እንኳ ይጠይቋታል። ያሳደጓት ሴትዮ በቤታቸው ውስጥ እግራቸውን ሰብስበው፣ ሰው እንዳያስቸግሩ ተጠንቅቀው መኖር ጀመሩ። እንዲህ መኖር እንደሚችሉ አስባ አታውቅም ነበር፤ የቻሉት ደግሞ እሷ ስለጻፈችላቸው ነው።

ቤቱ ወጣ። ላሟ ከሰማይ ወረደች። ምድር ቤት፣ ሁለት ክፍል፣ ውኃውም መብራቱም ያለ። ጎረቤት እልል አለላት። አስተማሪዋ ቁልፉን ይዛ በሩ ላይ ስትደርስ እትዬ ካውያ ወደ ኋላ ቀሩና «ይግቡ፤ የቤቱ ባለቤት ይቅደሙ» አሏት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለካ እንደ እሷ ላለችው ነው። እሳቸው በተሰጣቸው ክፍል ሻንጣቸውን ሳይፈቱ አልጋው እግር ሥር አኖሩት፤ ነገ እንደሚሄድ እንግዳ።

ዝናቡ ሲበረታ ያ አማካሪ ለክትትል መጣ። እርጥብ ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ፣ ቤቱን አደነቀ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«ለደንቡ ያህል ነው። በቤተሰቡ ሁኔታ የተለወጠ ነገር አለ?»

«አለ» አለች አስተማሪዋ።

እትዬ ካውያ ቀና አሉ።

«መጀመሪያም የጻፍኩት ውሸት ነው። አስተዋጽኦ የለም ያልኩት ውሸት ነው። እሳቸው ናቸው ያሳደጉኝ። የለበስኩትን ሁሉ ሲተኩሱልኝ ነው የኖሩት። እዚህ ቤት ጥገኛ ካለ...»

የአማካሪው እስክሪብቶ አየር ላይ ቆመ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መምህር፣ ይህን ከጻፍኩት ይተመናል። ከጣሪያው ካለፈ ደግሞ ቤቱ...»

«ይጻፉት። እኔ...»

«ዝም በይ!» አሉ እትዬ ካውያ።

አስተማሪዋ «በይ» የሚለውን የሰማች መሰላት እንጂ እርግጠኛ አልሆነችም።

«አርፈሽ ተቀመጪ እላለሁ! ምን ሆነሻል አንቺ?» ወደ አማካሪው ዞሩ። «ተዋት ልጄ፣ ሰሞኑን ራሷን እያመማት ነው። ጻፍ። ጥገኛ ነኝ። ጉልበቴ አይሠራም፣ እጄም አይሠራም፣ ለዚህ ቤት የማደርገው አንድም ነገር የለም። እሷ ባትኖር ሜዳ ላይ ነበርኩ። ጻፈው።»

ጮክ ብለው፣ ቃሉን ሳያድበሰብሱ ነው የተናገሩት። በዕድሜያቸው ሲዋሹ ስትሰማቸው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ውሸቱንም ያስተማረቻቸው እሷ ናት። አማካሪው ጽፎ፣ አስፈርሞ፣ ጫማውን አጥልቆ ሄደ።

በሩ ሲዘጋ አስተማሪዋ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች።

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» አሉ እትዬ ካውያ። ከአልጋቸው እግር ሥር ሻንጣቸውን ጎትተው ከፈቱ። ካውያው በፎጣ ተጠቅልሎ ከላይ ነበር። «በይ አውልቂው።»

«ምኑን?»

«ቀሚሱን ነዋ! ያንን ለብሰሽ ነው ሰው ፊት የተቀመጥሽው? ማን አሳደጋት ቢባል ምን ሊሉኝ ነው?»

አውልቃ ሰጠቻቸው። በውስጥ ልብሷ፣ እንደ ሕፃን፣ እጆቿን አጣምራ ቆመች፤ ቀና ብላ ልታያቸው ግን አልቻለችም። እትዬ ካውያ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አነጠፉ፣ ካውያውን ሰኩ፣ ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ሙቀቱን ሞከሩ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። ወደ መስኮቱ አዩ።

«መጋረጃውን ሳቢው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰውዬው ዕቃ ረስቶ ቢመለስ፣ ስተኩስ እንዳያየኝ።»

አስተማሪዋ ሄዳ መጋረጃውን ሳበችው።