ለቁጥጥር ቀን የተመረጡ በሽተኞች

እናትየው ልጇን አዝላ ክሊኒኩ በር ላይ ስትደርስ ዘበኛው እጁን ዘርግቶ አገዳት።

«ዛሬ በሽተኛ አይገባም፣ እህቴ።»

«ክሊኒክ አይደለም እንዴ?»

«ክሊኒክማ ነው። ግን ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። በሽተኛ ካለ ቤቱ ይበላሻል።»

ሚጣ እናቷ ጀርባ ላይ ሆና እንደ እሳት ትፋጃለች። ስታቃስት አድራ፣ ጠዋት ላይ ትንፋሿ እያጠረ ጎኗ ገባ ወጣ ማለት ጀምሯል። እናትየው በደህናው ቀን እንኳ ልጇ ባስነጠሰች ቁጥር ግንባሯን የምትዳስስ ሴት ናት።

«ወንድሜ፣ በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ አስገባኝ።»

ዘበኛው ግራ ቀኙን ቃኘ። «ሳትስል መቀመጥ ትችላለች?»

«ትችላለች» ከማለቷ ሚጣ ሳለች።

«እሺ በቃ፣ ቀስ ብላ ትሳል» ብሎ አሳለፋት።

ውስጡ ቀለም ቀለም ይሸታል። አግዳሚው ላይ ያማሩ በሽተኞች ተደርድረዋል። አንዱ የክሊኒኩ ኃላፊ የሚስት ወንድም፣ ጎማ ጠጋኙ ነው፤ ክንዱ ግንድ ያህላል። ከጎኑ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ሁለት እህቶች ፀጉራቸውን ተሠርተው ይሳሳቃሉ። ኃላፊው እየዞረ ያስጠናቸዋል።

«አንተን ሆድህን ነው የሚያምህ። እናንተ የእርግዝና ክትትል።»

«ሁለታችንም?»

«አብራችሁ አይደል የመጣችሁት!»

ዞር ሲል እናትየውን አያት። «ይቺን ማን አስገባት? የእውነት በሽተኛ ይዛለች እኮ!» ሊያስወጣት ሲል የተቆጣጣሪዎቹ መኪና ግቢ ገባ። «በይ ጥግ ያዢ። ከጠየቁሽ አገልግሎቱ ጥሩ ነው በይ።»

«እስካሁን ምንም አላገለገላችሁኝም እኮ።»

«ታዲያ ምን ቅር የሚልሽ ነገር አገኘሽ?»

ተቆጣጣሪዎቹ አንዲት ባለመነጽር አለቃና ፎቶ የሚያነሳ ጎረምሳ ናቸው። ግድግዳውን ዳሰሱ፤ ሳሙናውን አሸተቱ፤ ፕላስቲኩ ያልተቀደደውን አዲስ የኦክስጅን ሲሊንደር አደነቁ። ሚጣ አጠገብ ሲደርሱ ጎንበስ አሉ። እናትየው የልጇን ፊት ገለጠችላቸው። እነሱ ግን ከእግሯ ሥር ያለውን የቆሻሻ ቅርጫት ነበር የሚያዩት፤ ክዳን ስላለው ደስ አላቸው።

«አሁን ደግሞ ዶክተሩ ሰው ሲያክም እንይ» አለች አለቃዋ።

እናትየው ብድግ ስትል ኃላፊው በዓይኑ አስቀመጣትና ጎማ ጠጋኙን ጠራ። ተቆጣጣሪዎቹ እንዲያዩ በሩ ክፍት ተተወ። ዶክተሩ የሰውዬውን ሆድ ጫን ጫን አደረገ።

«ኧረ ዶክተር፣ አይኮርኩሩኝ!»

ዶክተሩ ችሎታውን ማሳየት አማረው። «ነገሩ ያሳስባል። ደም ይወሰድ። ሲስተር፣ መርፌ!»

ጎማ ጠጋኙ ከአልጋው ዘሎ ወረደ። «መርፌ? የእህቴ ባል ስለ መርፌ መች ነገረኝ!» ሸሚዙን ሳይቆልፍ ውልቅ አለ። ሁለቱ እርጉዞችም ነገሩን ሲሰሙ እርጉዝ በማይሮጠው ሩጫ ተከተሉት።

«ምን ሆነው ነው?» አለች አለቃዋ።

«ድነው ነው» አለ ኃላፊው ላቡን እየጠረገ። «እኛ ጋ ቶሎ ነው የሚዳነው።»

አግዳሚው ላይ የቀረችው ሚጣ ብቻ ናት። እናትየው እስክትጠራ አልጠበቀችም፤ ገብታ አልጋው ላይ አስተኛቻት። ዶክተሩ እስከ ክርኑ ታጠበ፤ ፎቶው ስላላማረ ደግሞ ታጠበ። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ ሲያሳርፍ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«የሳንባ ምች ነው። እስካሁን ለምን ቆየች?»

እናትየው ኃላፊውን አየችው። ኃላፊው አዲሱን ቀለም አየ።

ሲስተሯ የኦክስጅኑን ፕላስቲክ ቦጭቃ ጣለች። ሚጣ መርፌ ተወጋች። ቀስ በቀስ ትንፋሿ መለስ አለ፤ ዓይኗን ገልጣም ውኃ ጠየቀች። እናትየው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ድንቅ አገልግሎት!» አለች አለቃዋ።

«መርፌው ነገም ይደገማል» አለ ዶክተሩ።

ይኼን ስትሰማ እናትየው ወደ አለቃዋ ዞረች። «እመቤቴ፣ ነገስ ትመጣላችሁ?»

«እኛማ በዓመት አንዴ ነን፣ እህቴ። ምነው፣ ወደድሽን?»

«ታዲያ ነገ ማን ያስገባኛል?»

ኃላፊው ጥልቅ አለ። «ነገ መጀመሪያ የምትታየው እሷ ናት! ምን ጥያቄ አለው!»

አለቃዋ ራሷን ነቅንቃ መኪናዋ ውስጥ ገባች። መኪናው ከበር እንደወጣ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ሳሙናዎቹን ሰበሰበች፤ ዘበኛውም ቁልፉን ይዞ መጣ።

«በይ እህቴ፣ አልቋል። ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ።»

እናትየው ሚጣን በሻርፗ ሸፈነቻት። ከዚያ ወንበር ስባ በአልጋውና በኦክስጅኑ መካከል ተቀመጠች።

«መጀመሪያ የምትታየው እሷ ናት አልተባለም? ተራችንን እዚሁ እንጠብቃለን።»