ለጭላዳ ብድግ

ዕንባቆም ጭላዳዎች እርስ በርሳቸው ምን እንደሚባባሉ አጠናለሁ ብሎ ኮሶዬ ገደል አፋፍ ላይ መዋል ከጀመረ ሰነባብቷል። የድምፅ መቅረጫው ሸጋ ነው፤ ትዕግሥትም አያንሰው። መቀመጥ ነው ያቃተው።

ጭላዳ የሚለምደው አርፎ የተቀመጠ ሰው ነው። ዕንባቆም ደግሞ ጎንደር፣ አባቱ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት ያደገ ልጅ ነው። እዚያ ቤት ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር!» ብሎ ብድግ ያላለ ልጅ ራቱን በቁንጥጫ ነው የሚበላው። ታዲያ ያ ጋማው እስከ ክርኑ የወረደ አውራ ጭላዳ፣ ካባ የደረበ አለቃ መስሎ እየተጎማለለ ብቅ ሲል፣ የዕንባቆም ጉልበት ባለቤቱን ሳያማክር ይነሣል። መንጋው ሆዬ፣ ሰውዬው ሊያባርረን ነው ብሎ እየተንጫጫ ገደሉን ይወርዳል። መቅረጫው ውስጥ የሚቀረው ሩጫ ብቻ ነው።

አስተማሪው ዶክተር ስንዱ መጀመሪያ ሳቁበት። በኋላ ግን ሳቁን ተዉትና፣ ዛሬም መንጋውን ከበተነ ጥናቱን ለሌላ ተማሪ እንደሚሰጡት ቁርጡን ነገሩት። ዕንባቆም ከልቡ ደነገጠ። የእናቲቱን ማጉረምረም ከግልገሏ ልቅሶ መለየት ከጀመረ ወዲህ ሌላ ሥራ አያምረውም።

እናም ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። አውራው መጣ። ጉልበቱ ሊነሣ ሲል ጥርሱን ነክሶ ያዘው። አውራው አንዴ ገላመጠውና ሣሩን መንጨት ቀጠለ። እናቶቹም ልጆቻቸውን እንዳዘሉ እያጉረመረሙ ከበቡት። መቅረጫውን ቀስ ብሎ ወደነሱ አስጠጋ።

ይኸኔ አባቱ ከመንገዱ በኩል መጡ። ዳባት ለተዝካር ተጠርተው ሲሄዱ፣ በዚያው ልጃቸውን ሊያዩ ከመኪና ወርደው ኖሯል። ዕንባቆም ቢነሣ ጥናቱ አለቀ፤ ቢናገርም አለቀ። ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ደግሞ አባቱ ቆመው እሱ ተቀምጦ አያውቅም። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ እንደተቀመጠ ቀረ፤ ፊቱ በኀፍረት ነደደ።

መሪጌታ ቆመው አዩት። ቁጣቸውን ጠበቀ። እሳቸው ግን በዚያ ቀርፋፋ የሽማግሌ እርምጃቸው በጭላዳዎቹ መሀል አልፈው መጡና አጠገቡ በርከክ አሉ። ጭላዳዎቹ ቀና ብለው አዩአቸውና ግጦሻቸውን ቀጠሉ። መሪጌታ በመዳፋቸው ግንባሩን ዳሰሱት።

«ልጄ» አሉት በሹክሹክታ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፤ «ምነው፣ እግርህን ምን አገኘብኝ?»