መስኮቱ ሥር

«ቆርቆሮው አያፈስም አይደል?» አለ አሥር አለቃ አንሙት፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን እያየ። የሥራነሽ ባል ደርቤ ከተቀበረ ገና ሳልስቱ ነው። ሰው ያለቅሳል፣ እሱ ጣሪያ ይመረምራል!

ሥራነሽ ከአማቷ ከእማማ ወለተ ኪዳን ጎን መደብ ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየችው። ለቀስተኛውም ንፍሮውን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«ነፍሱን ይማረው፤ ወንድሜ ነበር» ሲል ቀጠለ። «ግን ቤቱ የወታደር ነው፤ ጠመንጃ የሚይዝ ሲጠፋበት ለሌላ ይሰጣል። ጣሊያኑ ካፒቴን ለእኔ ፈቅዶልኛል። ሥራነሽ ከወደደች ደግሞ... አትወጣም።»

«ምን አልክ አንተ!» እማማ ብድግ አሉ። ሥራነሽ ቀሚሳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

ደርቤ ባንዳ የገባው ለእሷ ብሎ ነበር። አገራቸው ቁይ ያለው ጎጇቸው እያፈሰ ክረምቱን ሙሉ ስታስል ከረመች። ደብረ ማርቆስ ምሽጉ አጠገብ ለወታደር ሚስት ቆርቆሮ ቤትና ዱቄት ይሰጣል ሲባል ሄደ። ጫካ የገባው ታናሽ ወንድሙ ካሴ «ከእንግዲህ ወንድም የለኝም» ብሎ ላከበት። ደርቤም ቤቱን በተረከበ ዕለት አልጋውን ከመስኮቱ ሥር ጎትቶ ጥግ ወሰደው።

«አርበኛ ከአጥሩ ማዶ ቢተኩስ ጭንቅላቴን ነው የሚያገኘው» አላት። ያኔ ስቃበት ነበር።

ከአራት ቀን በፊት ሊረሸን የነበረ የካሴን ጓደኛ ፈትቶ ለቀቀ። በማግስቱ አንሙት ሬሳውን በቃሬዛ አመጣ። «ሽፍታ ከገደል ማዶ ተኮሰበት» አለ። ሥራነሽ ሸሚዙን ስታጥብ ጀርባው ላይ ያለውን ቀዳዳ አይታ ለእማማ አሳየቻቸው፤ ዙሪያው በባሩድ ተለብልቧል። ከማዶ የተተኮሰ ጥይት ሸሚዝ አይለበልብም! ወንድሜ ነበር ይላል ደግሞ፣ አፈር ይብላውና!

«እሺ» አለች አሁን። «ነገ ግባበት። እኔ ቁይ እገባለሁ። አልጋውንም ትቼልሃለሁ።»

«ተባረኪ!» ብሎ ወጣ። ለቀስተኛውም ተከትሎ ተበተነ።

እማማ ደረታቸውን መቱ። «ልጄን ገድሎ አልጋው ላይ ይተኛ? ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ ይቅር?»

«አይቀርም፣ እማማ። ካሴ ዛሬ ጠዋት ሰው ልኮብኝ ነበር። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ገዳዩ የት እንደሚተኛ።»

የደርቤን ጋቢ ከአልጋው አንስታ ፊቷን ቀበረችበት። የላቡ ሽታ አልወጣለትም። እዚያው ውስጥ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ሲበቃት ለእማማ ደረበችላቸው።

«በሉ ይያዙልኝ» አለች።

ሁለቱ ሴቶች አልጋውን ጎትተው ራስጌውን መስኮቱ ሥር አስጠጉት። ሥራነሽ ትራሱን በእጇ መታ መታ አድርጋ አመቻቸችለት።