ታቹ የተቀደደ ቁና

በጉና ግርጌ ያለው ትምህርት ቤት ከአሥረኛ ክፍል በላይ አያስተምርም። ደብረ ታቦር ላይ በሚደረገው የሒሳብ ውድድር ያሸነፈ ተማሪ ግን አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል። ከትምህርት ቤቱ የሚላከው አንድ ተማሪ ብቻ ነው፤ ለዚያች ቦታ ጌጤና ይርጋ በእኩል ነጥብ ተፋጠጡ። ጌጤ ትምህርቷን የምትቀጥልበት ሌላ መንገድ አልነበራትም።

መምህር ዓለምነው ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለው የመለያውን ጥያቄ በሁለቱም በኩል ጻፉት፦ 3x² = 12x።

«ቀድሞ የጨረሰ ይሄዳል» አሉ።

ይርጋ እጁ ፈጣን ነው። ሁለቱንም ወገን ለ3x አካፈለና x = 4 ብሎ ጠመኔውን አስቀመጠ። ጌጤ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጥታ፣ የጋራ የሆነውን 3x ከቅንፍ ውጭ አውጥታ፣ 3x(x − 4) = 0 ብላ እንደ ጻፈች ክፍሉ ለይርጋ በጭብጨባ ተናጋ።

«አይ ጌጤ፣ ስታበጥሪ ገበያው ተፈታብሽ!» አለ ይርጋ።

መምህሩ ዳስተሩን አነሱ።

«መምህር፣ አልጨረስኩም።»

«ይርጋ ጨርሷልኮ፣ ልጄ።»

«አልጨረሰም። ግማሹን ትቶታል።»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ለኤክስ ማካፈልን ባለፈው ማክሰኞ ያስተማሯቸው ራሳቸው መምህር ዓለምነው ናቸው፤ ይርጋን ተሳሳትክ ማለት እሳቸውን ተሳሳቱ ማለት ነው። ጌጤ ይህን አላጣችውም። አንገቷን ደፋች፤ ጠመኔውን ግን አልለቀቀችም።

«ምኑን ነው የተወው?» አሉ መምህሩ።

«ዜሮን። ሁለት ነገሮች ተባዝተው ዜሮ ከሰጡ አንዳቸው ዜሮ መሆን አለባቸው፤ ወይ 3x፣ ወይ x − 4።»

«ዜሮማ ምንም ነው!» ጮኸ ይርጋ። «ምንም ደግሞ መልስ ይሆናል?»

«አንተ ገበያ ወጥተህ እህል የምትሰፍረው ቁናውን ሳታይ ነው?»

«አይቼ ነዋ!»

«ታቹ የተቀደደ ቢሆንስ? ምንም በማይዝ ቁና አንድ ጆንያ ገብስ ስንት ጊዜ ትሰፍራለህ?»

ይርጋ በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ።

«እስከ ፋሲካ ይሰፍራታል!» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ ሳቀ።

«3x ስንት እንደሚይዝ ሳናይ ነው የሰፈርንበት» አለች ጌጤ። «ባዶ ከሆነ ማካፈል አይቻልም። ባዶነቱ ራሱ ግን መልስ ነው።»

መምህር ዓለምነው በኤክስ ቦታ ዜሮ ተክተው በቃላቸው አሰቡት። በግራም ዜሮ፣ በቀኝም ዜሮ። እኩል ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሲያካፍሉ ኖረዋል። ግንባራቸውን ሲያሻሹ በዳስተሩ ብናኝ ነጣ፤ ማንም አልሳቀም።

«የማክሰኞውን ገጽ አውጡ» አሉ። «ለኤክስ አካፍሉ ያልኳችሁን ሰርዙት። ስህተቱ የኔ ነው።»

ስልሳ ደብተር ተገለጠ።

«ይርጋ ያስተማርኩትን ነው የሠራው፤ ማንም እንዳይስቅበት። ደብረ ታቦር ላይ የሚጠየቀው ግን የኔ ደብተር አይደለም። ጨርሺው፣ ጌጤ።»

ጌጤ x = 0 ወይም x = 4 ብላ ጻፈች። ወደ ቦታዋ ስትመለስ ይርጋ በደብተሩ ላይ እየሰረዘ ነበር።

«ቅዳሜ ደብረ ታቦር ስትሄጂ ቁናሽን እንዳትረሺ» አላት ቀና ሳይል።

«ገልብጬ አይቼው ነው የምሄደው» አለችው።